የሚያፏጭ ዲፈረንሻል በቤት ሲፈታ፦ ከወሎ ለቀረቡ ጥያቄዎች መልስ

ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከወልዲያ፣ ከከሚሴና ከባቲ የመጡት ጥያቄዎች ብዙ ናቸው፤ የሚደጋገሙትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ለብቻው ካልተጠቀሰ በቀር ቁጥሮቹ ሁሉ የቶዮታ ባለ 8 ኢንች የኋላ ዲፈረንሻል ናቸው፤ የቆዩ ሃይሉክሶች ላይ በብዛት ያለው እሱ ነው። ይህ ዲፈረንሻል ከኋላ የሚከፈት ሽፋን የለውም። ጭንቅላቱ ከነኮሮናው (ትልቁ ክብ ጥርስ) ከነፒኞኑ (እሱን የሚያዞረው ትንሹ ጥርስ) በፊት በኩል አንድ ላይ ስለሚወጣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይሠራል። ለቤት ሥራ የሚመቸውም ለዚህ ነው።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ጋሼ፣ ሃይሉክሴ 60 ላይ ሲደርስ ከኋላ ያፏጫል። ጋራዥ ስወስደው ሳይፈቱት «ኮሮና ፒኞን ግዛ» አሉኝ። ልግዛ?

መልስ፦ አብሽር፣ ገና ነው፤ ገንዘብህን ያዝ። ሳይፈታ ኮሮና ፒኞን የሚታዘዝለት ዲፈረንሻል ብዙውን ጊዜ ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ብቻ ነው የሚፈልገው። መጀመሪያ ድምፁን ለይ።

በሐርቡ በኩል ሜዳና ቀጥ ያለ ቦታ ፈልግና በአራት ሁኔታ አዳምጥ፦ ነዳጅ ረግጠህ ስትጎትት፣ ፍጥነቱን እኩል ይዘህ ስትሄድ፣ ነዳጁን ለቀህ በማርሽ ስትሄድ፣ በመጨረሻም ኒውትራል አድርገህ ስትንሸራተት። በኒውትራሉ ጊዜ ሞተሩን አታጥፋ፤ ፍሬኑም መሪውም ይከብድብሃል። ስትጎትት ብቻ የሚያፏጭ ከሆነ የጥርሱ መጎተቻ ገጽ ወይም ከፒኞኑ ጥርስ ሥር ያለው ትልቁ ኩሽኔታ ይጠረጠራል። ስትለቅ ብቻ ከሆነ የፒኞኑ ጥብቀት ጠፍቷል። በአራቱም ሁኔታ ያለ ለውጥ የሚያጓራ ከሆነ ወይ የጎን ኩሽኔታዎቹ ናቸው፣ ወይ የጎማ ኩሽኔታ፣ ወይ ራሱ ጎማው። ሲታጠፍ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ኮሮናው በሚታሰርበት ሳጥን ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ጥርሶችና ከሥራቸው ያሉትን ስስ ሮንዴላዎች ጠርጥር፤ ቀጥ ባለ መንገድ እነሱ እርስ በርስ አይዞሩምና።

ጎማን ደግሞ አትርሳ። ወጣ ገባ የተበላ ጎማ የዲፈረንሻልን ድምፅ አስመስሎ ያጓራል። ከአስፋልት ወደ ጠጠር ስትገባ ድምፁ መልኩን ከቀየረ ጎማ ነው፤ ዲፈረንሻል ከሥሩ ያለው መንገድ ምን እንደሆነ አያውቅም።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ የእኔ ደግሞ ሽቅብ ስሄድ ምንም አይልም። ሐረጎን ወደ ኮምቦልቻ በ3ኛ ማርሽ ስወርድ ግን ጩኸቱ አያስወራም።

መልስ፦ ይህ የቁልቁለት አገር በሽታ ነው። በማርሽ ስትወርድ ጎማው ነው ሞተሩን የሚያዞረው፤ ጭነቱ በጥርሱ ሌላኛው ገጽ ላይ ያርፋል፣ ፒኞኑም ወደ ኮሮናው መሃል ይሳባል። ፒኞኑን በቦታው የሚይዙት ሁለት ተቃራኒ ኩሽኔታዎችና የሚያጠብቃቸው ዳዶ ናቸው። ጥብቀቱ ሲጠፋ ፒኞኑ ሽቅብ ላይ በአንድ በኩል ተደግፎ ዝም ይላል፣ ቁልቁል ላይ ወደ ሌላው ይንሸራተትና ይጮኻል።

መኪናውን አቁም፣ ጎማዎቹን በታኮ ያዝ፣ ካምቢዮውን ኒውትራል አድርግ፣ ከሥር ግባና የትራንስሚሲዮኑ (ከካምቢዮው ወደ ዲፈረንሻሉ የሚመጣው ረጅም ዘንግ) ብሎኖች የሚታሰሩበትን ፍላንጅ በሁለት እጅ ይዘህ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቅንቀው። በማዞር ጊዜ ትንሽ መላላት የተፈቀደ ነው፤ ወደ ጎንና ወደ ፊት-ኋላ ግን ምንም መኖር የለበትም። በእጅ የሚሰማ መነቃነቅ ካለ ዛሬውኑ ሥራው፤ ይህንን ይዞ ሁለት ወር የተነዳ ነው መጨረሻ ላይ እውነትም ኮሮና ፒኞን የሚያስገዛው።

«ዳዶውን አንድ ዙር ባጠብቀውስ?» ብለው የጠየቁም አሉ። አይሆንም። ምክንያቱን ከታች ስለ ተጨማቂው ቱቦ ስንናገር ታዩታላችሁ።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ የጎማ ኩሽኔታ ይሁን ዲፈረንሻል በምን ልለየው?

መልስ፦ በ50 ገደማ እየሄድክ፣ ግራ ቀኙ ነፃ ሲሆን፣ መሪውን ቀስ እያልክ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አወዛውዝ። ወደ ግራ ስትዞር ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎማ ይሄዳል፤ ያኔ ጉርምርምታው ከጨመረ የቀኙ ኩሽኔታ ነው። የዲፈረንሻል ፉጨት በዚህ አይለወጥም። የፒኞን ኩሽኔታ ሌላም ምልክት አለው፦ ፒኞኑ ከጎማው 4 እጥፍ ገደማ ስለሚፈጥን ድምፁ ቀጭንና ፈጣን ነው፤ የጎማው ወፍራምና ዝግ ያለ።

ጥያቄ (ከከሚሴ)፦ ማርሽ ሳስገባ «ኳ» ይላል፣ ፉጨት የለም።

መልስ፦ ዲፈረንሻሉን ከመንካትህ በፊት ክሮቼራዎቹን (የትራንስሚሲዮኑን የመስቀል መጋጠሚያዎች) እይ። ክሮቼራው ዙሪያ ቀይ የዝገት ዱቄት ካየህ መልሱን አግኝተሃል።

ጥያቄ (ከወልዲያ)፦ ምን ምን መሣሪያ ሳይኖረኝ መጀመር የለብኝም?

መልስ፦ ዳያል ጌጅ (በመቶኛ ሚሊ ሜትር የሚለካ ባለ መርፌ መለኪያ) ከነማግኔት እግሩ፣ ቶርክ ሬንች፣ ካሊፐር፣ ሞርሳ፣ የኩሽኔታ መንቀያ፣ የነሐስ ወይም የመዳብ ዘንግ፣ መኪናውን የሚሸከሙ ሁለት ጠንካራ የብረት እግሮች። ክሪክ ለማንሳት ነው፣ ለመሸከም አይደለም፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ደርቦ ከሥሩ መግባት ደግሞ ራስን ማጥፋት ነው። ዳያል ጌጅ ከሌለህ ተበደር። ያለ ቶርክ ሬንች በቱቦና በሚዛን መላ ይገኛል፤ ያለ ዳያል ጌጅ የሚሠራ ዲፈረንሻል ግን ዕጣ ነው።

ጥያቄ (ከወልዲያ፣ ሌላ ጠያቂ)፦ ከመጀመሪያው ጀምሮ አወጣጡን በቅደም ተከተል ቢነግሩን።

መልስ፦ ከሁሉ በፊት የዘይቱን መሙያ ብሎን ፍታ። መሙያው ዝጎ እምቢ ካለ ማፍሰሻውን ፈትተህ ዘይቱን ካፈሰስክ በኋላ ተሰናክለህ ትቀራለህ። መሙያው ከተፈታ ወዲያ ማፍሰሻውን ፍታና ዘይቱን ንጹሕ ሳፋ ላይ ተቀበል። የማፍሰሻው ብሎን ማግኔት ላይ ያለው ግራጫ ቅባት መሰል ደቃቅ ብናኝ የተለመደ ነው። የሚያብረቀርቅ ቅርፊት ከሆነ ኩሽኔታ ተልጧል። በጥፍር የሚያዝ ቁራጭ ከሆነ የጥርስ ስባሪ ነው።

የፊት ጎማዎቹን በሁለቱም በኩል በታኮ ያዝ፤ የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላውን ነውና አሁን አይረዳህም። የኋላውን አንስተህ እግሮቹ ላይ አስቀምጥ፤ ጎማና ታምቡር አውጣ፣ የፍሬን ቱቦውንና የእጅ ፍሬኑን ገመድ አላቅ። ከፍሬኑ ሳህን ጀርባ ያሉትን 4 ዳዶዎች ስትፈታ አክስሉ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) ከነሳህኑ ይወጣል። ሙሉ በሙሉ ማውጣት አይጠበቅብህም፤ ከሳጥኑ ጥርስ እስኪላቀቅ አንድ ስንዝር ከሳብከው ይበቃል። ስትስበው ደግፈው፤ የአክስሉ ክብደት በውስጠኛው ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚከለክለው የጎማ ቀለበት) ላይ ካረፈ ይቀደዳል፣ ከሳምንት በኋላ ፍሬንህ ዘይት ይጠጣል።

ትራንስሚሲዮኑን ከፍላንጁ ከመፍታትህ በፊት ሁለቱም ላይ በመጋዝ ወይም በቀለም ምልክት አድርግና በዚያው ምልክት መልሰው። ከዚያ ጭንቅላቱን የያዙትን ዳዶዎች ዙሪያውን ፍታ። ጓርኒሲዮኑ (በመገጣጠሚያው መካከል ያለው ስስ ማሸጊያ) ተጣብቆ ይዞ ሊቆይ ይችላልና ካቻቢቴ በመገጣጠሚያው አታስገባ፤ በእንጨት መዶሻ ጎኑን ምታው። ክብደቱ ከ30 ኪሎ ያላነሰ ነው። ደረትህ ላይ እንዲያርፍ ካልፈለግህ ክሪክና ጣውላ ከሥሩ ይኑር።

አሁን የብዙ ሰው ሥራ የሚበላሽበት ቦታ ላይ ነን። ጭንቅላቱን ሞርሳ ላይ አስረህ ወዲያው አትፍታ። መጀመሪያ ለካ። ዳያል ጌጁን በኮሮናው አንድ ጥርስ ሰፊ ጫፍ ላይ ቀጥ አድርገህ ትከል፣ ፒኞኑን አጥብቀህ ይዘህ ኮሮናውን ወዲህና ወዲያ አወዛውዝ፣ የጥርሱን ክፍተት በ4 ቦታ ጻፍ። የኮሮናውን ጀርባ እያዞርክ መወላገዱን እይ፤ ከ0.10 ሚ.ሜ ካለፈ ችግሩ ወይ ኩሽኔታው ነው ወይ በኮሮናውና በሳጥኑ መካከል የገባ ቆሻሻ። ጥርሱን ቀለም ቀብተህ የአሁኑን ግጥምጥሞሽ በስልክህ ፎቶ አንሳ። ከዚያ የጎን ኩሽኔታ ካፖቹን (ሳጥኑን ግራና ቀኝ የሚሸከሙትን ኩሽኔታዎች የሚያስሩትን ብረቶች) በፑንታ ነጥብ ምልክት አድርግባቸው፦ ግራውን አንድ ነጥብ፣ ቀኙን ሁለት። ካፖቹ ከቤቱ ጋር አብረው የተቦረቦሩ ናቸው፤ ከተለዋወጡ ኩሽኔታውን ያጣምማሉ።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ የፒኞኑን ኩሽኔታ እንዴት ላውጣ፣ እንዴትስ ላስገባ? በምጣድ ማሞቅ ይቻላል የሚሉኝ አሉ።

መልስ፦ ማውጫው መንቀያ ነው። እምቢ ካለ የኩሽኔታውን ጎጆና ሮለሮቹን ቁረጥና ውስጠኛውን ቀለበት በግራይንደር እስኪሳሳ ብቻ ቅረጽ፤ ከዚያ በመሮ አንዴ ሲመታ ይሰነጠቃል። ዲስኩ ፒኞኑን እንዳይነካ። ከኩሽኔታው ሥር፣ ፒኞኑ ራስ ላይ የተቀመጠ ስስ የብረት ቀለበት ታገኛለህ፤ ሽም ይሉታል። እሱን አጥበህ በማይክሮሜትር ወይም በጥሩ ካሊፐር ለክተህ ጻፍ፣ እንደ ዓይንህ ብሌን ጠብቀው። ፋብሪካው ፒኞኑን ያስቀመጠበት ልክ እሱ ነው። ኮሮና ፒኞኑን እስካልቀየርክ ድረስ አዲሱን ኩሽኔታ የምታስገባው በዚያው ሽም ነው።

ምጣዱን ግን ለእንጀራ ተወው። ምጣድ ከ200 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ የኩሽኔታ ብረት ከ120 ካለፈ ጥንካሬውን ማጣት ይጀምራል። ኩሽኔታውን በንጹሕ ዘይት ውስጥ፣ የድስቱን ታች እንዳይነካ በሽቦ አንጠልጥለህ 100 ገደማ አድርሰው፤ ያለ መዶሻ ይገባል።

ኮሮናውን ሳጥኑ ላይ ስታስር የሚያስፈልግህ የፈላ ውሃ ነው። ደሴ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው፣ 100 አይደርስም፤ ስለዚህ ሩብ ሰዓት ያህል ይቀቀል፣ አውጥተህ ወዲያው አድርቀውና ሳይቀዘቅዝ አስገባው። እንፋሎቱ ከብሎኑ ቀዳዳዎች ውስጥ እስኪደርቅ ጠብቅ፤ የኮሮና ብሎን በእርጥብ ቀዳዳ ከታሰረ የብሎን ማጣበቂያው አይይዝም። ብሎኖቹን በትይዩ እየተሻገርክ በ97 ኒውተን ሜትር አጥብቅ።

የውጪ ቀለበቶቹን ስትመልስ አሮጌውን ቀለበት እንደ መምቻ ተጠቀምበት፤ በአንድ በኩል በመጋዝ ሰንጥቀው፣ ያለዚያ እሱም ተቀርቅሮ ይቀራል። ቀለበቱ ታች ሲደርስ የመዶሻው ድምፅ ከድፍኑ ወደ ጥርት ያለ «ቂን» ይቀየራል። ያ ድምፅ ካልተሰማህ አልደረሰም።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ቀለም ቀብቶ ማየት የሚባለው አልገባኝም። ምን ዓይነት ቀለም? ምንስ ነው የማየው?

መልስ፦ ልዩ ቅባት ካላገኘህ ከመድኃኒት ቤት የሚሸጠው ነጭ የዚንክ ኦክሳይድ ቅባት በጠብታ ዘይት ላላ ተደርጎ ይሠራል፤ ቢጫ የዘይት ቀለምም ይሆናል። ከኮሮናው 5 ወይም 6 ጥርስ በሁለቱም ገጽ ስስ አድርገህ ቀባ። ኮሮናው ላይ እንጨት አስደግፈህ እየያዝክ ፒኞኑን በፍላንጁ ወደ ፊት ከዚያም ወደ ኋላ አዙር። ሳይያዝ የዞረ ኮሮና የሚያሳየው ምልክት ውሸት ነው።

የምታየው ቀለሙ የተጠረገበትን ቦታ ነው። ጥርሱን ከጎኑ ተመልከት፦ ወደ መሃል ያለው ጫፍ ጠባብ ነው፣ ወደ ውጭ ያለው ሰፊ። ከላይ የጥርሱ አናት፣ ከታች ሥሩ አለ። የተጠረገው ቦታ ከአናቱና ከሥሩ እኩል ርቆ፣ በርዝመቱ መሃል ላይ ወይም ወደ ጠባቡ ጫፍ ጥቂት ዘንበል ብሎ ከተኛ ጥሩ ነው።

ምልክቱ ወደ አናቱ ከወጣ ፒኞኑ ከኮሮናው ርቋል፤ ወፍራም ሽም ያስፈልገዋል። ወደ ሥሩ ከሰመጠ ፒኞኑ በጣም ቀርቧል፤ ስስ ሽም ይፈልጋል። የቶዮታ ሽሞች በ0.03 ሚ.ሜ እየተበላለጡ ነው የሚመጡት፤ ስለዚህ አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ብቻ ቀይረህ እንደገና እይ። ምልክቱ ከላይና ከታች ልክ ሆኖ ወደ ሰፊው ጫፍ ከሄደ ኮሮናውን ወደ ፒኞኑ አቅርበው፤ ወደ ጠባቡ ከሄደ አርቀው። ሰው የሚሳሳተው ሁለቱን ሲቀላቅል ነው፦ ከኮሮናው ግራና ቀኝ ያሉትን ማስተካከያ ቀለበቶች እያጠበቀና እያላላ የፒኞንን ጥልቀት ሊያስተካክል ይደክማል። አይስተካከልም። ሽሙ ምልክቱን በዋናነት ከአናት ወደ ሥር ያመላልሰዋል፣ ማስተካከያ ቀለበቶቹ ከጫፍ ወደ ጫፍ። ሽም በቀየርክ ቁጥር ደግሞ ክፍተቱ ይለወጣልና እሱን መልሰህ ለካ።

ክፍተቱ ከ0.13 እስከ 0.18 ሚ.ሜ ነው። ኮሮናውን ለማንቀሳቀስ አንዱን ማስተካከያ ቀለበት ባላላህበት ልክ ሌላውን አጥብቅ። ክፍተቱ ከተገኘ በኋላ ከኮሮናው ተቃራኒ ያለውን ቀለበት ኩሽኔታው እስኪነካ ካጠበቅህ ወዲያ ከ1 እስከ 1 ተኩል ጥርስ ጨምር፤ ካፖቹን በ78 ኒውተን ሜትር እሰር፤ ክፍተቱን እንደገና በ4 ቦታ ለካ። ካፑ ሲጠብቅ ክፍተቱ ትንሽ ይቀየራል፣ አትደንግጥ፤ መልሰህ አስተካክል። ይህ ሥራ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ በአንድ ሰዓት ጨረስኩ የሚል መካኒክ አልለካም።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ ለፒኞኑ ጥብቀት የሚሆን ትንሽ ቶርክ ሬንች አላገኘሁም። በምን ልለካው?

መልስ፦ በመንጠቆ ሚዛን። ፍላንጁ ላይ ሲባጎ ሁለት ሦስት ዙር ጠምጥም፣ ጫፉን ሚዛኑ ላይ አስርና ቀስ ብለህ ሳብ፤ ፒኞኑ ከቆመበት መዞር ሲጀምር ሚዛኑ የሚያሳየውን አንብብ። ሲባጎው የተጠመጠመበትን ክብ ግማሽ ስፋት በሴንቲ ሜትር ለክተህ በኪሎው አባዛ። ለአዲስ ኩሽኔታ የሚፈለገው ከ19 እስከ 26 ኪሎ-ሴንቲ ሜትር ነው፤ ግማሽ ስፋቱ 5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ሚዛኑ ከ3.8 እስከ 5.2 ኪሎ ማንበብ አለበት። ያገለገለውን ኩሽኔታ መልሰህ ከሆነ ከ9 እስከ 13፣ ማለትም ከ1.8 እስከ 2.6 ኪሎ። ኩሽኔታዎቹ በዘይት ርሰው፣ ከመለካትህ በፊት ደጋግመህ አዙረሃቸው ይሁን። የጎን ኩሽኔታዎቹ ከነኮሮናው ሲገቡ ጠቅላላው ከ4 እስከ 6 ኪሎ-ሴንቲ ሜትር ይጨምራል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ለቀለም ምርመራው ፒኞኑን ያለ ተጨማቂው ቱቦና ያለ ፓራኦሊዮ ታስረዋለህ። ቱቦው ስለሌለ ዳዶው በጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው ጥብቀቱን የሚያመጣው፤ በረጅም ቱቦ አትጎትተው፣ ኩሽኔታውን ትጨፈልቀዋለህ። ምልክቱ ካማረ በኋላ ፍላንጁንና ትንሹን ኩሽኔታ አውጥተህ አዲሱን ተጨማቂ ቱቦ ታስገባለህ፣ ፓራኦሊዮውን ከንፈሩን ግሪስ ቀብተህ ትተክላለህ፣ አዲስ ዳዶ ታስራለህ።

ተጨማቂው ቱቦ በሁለቱ ኩሽኔታዎች መካከል የሚቆም፣ በዳዶው ጉልበት እየተጨመቀ የሚያጥር ስስ ብረት ነው። መጨመቅ እስኪጀምር ብዙ ጉልበት ይፈልጋል፤ መነሻው 108 ኒውተን ሜትር፣ ጣሪያው 235 ነው። 235 ማለት 1 ሜትር ቱቦ ጫፍ ላይ 24 ኪሎ እንደ መስቀል ነው። ፍላንጁን ሁለት ቀዳዳ በተበሳ ወፍራም ብረት ያዝ። መጨመቅ ከጀመረ በኋላ በትንሽ በትንሹ፣ የሰዓት የደቂቃ ቆጣሪ እጅ በአንድ ደቂቃ የሚሄደውን ያህል ብቻ እያጠበቅህ በእያንዳንዱ ጊዜ በሚዛኑ ለካ። መጀመሪያ ሚዛኑ ምንም አያሳይም፣ ከዚያ ድንገት ይወጣል። ልኩን ካለፍክ ዳዶውን ማላላት መፍትሔ አይደለም፤ ቱቦው አንዴ ካጠረ አይመለስም፣ ፒኞኑ ልቅ ሆኖ ይቀራል። አዲስ ቱቦ አስገባ። ሁለት ቱቦ ገዝተህ ብትጀምር ይሻልሃል።

አሮጌውን ዳዶ «አንድ ዙር» ማጥበቅ የማይሆነውም ለዚህ ነው፦ ጥብቀቱ ስንት እንደሆነ ሳታውቅ የተጨመቀውን ቱቦ እንደገና ትጨምቀዋለህ። ስትጨርስ የዳዶውን ከንፈር በመሮ ወደ ፒኞኑ ቦይ አጥፈው።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ መኪናው የእኔ ነው፣ ሠሪው ግን መካኒክ ነው። ሲያስረክበኝ ምን ልጠይቀው?

መልስ፦ እህቴ፣ አሮጌዎቹን ኩሽኔታዎች፣ አሮጌውን ተጨማቂ ቱቦና ፓራኦሊዮ እንዲመልስልሽ አስቀድመሽ ተስማሚ። የጥርሱን ክፍተት ስንት ላይ እንደተወው ጠይቂው፤ «ደህና ነው» ቁጥር አይደለም። የቀለሙን ምልክት ፎቶ ያሳይሽ። ኩሽኔታዎቹን ደግሞ ከመግባታቸው በፊት ሣጥናቸው ላይ ሳይሆን ብረታቸው ላይ የተጻፈውን እይ፤ የኮዮን፣ የኤን ኤስ ኬንና የኤን ቲ ኤንን ስም የለበሰ አስመሳይ ዕቃ ሞልቷል። ጽሑፉ በጥፍር የሚነሳ ወይም ውስጥና ውጪ ቀለበቱ ላይ የተለያየ ስም ካለ አትቀበዪ።

ጥያቄ (ከከሚሴ)፦ የእኔ ኢሱዙ ኤንፒአር ነው። ያው አይደል አሠራሩ?

መልስ፦ ሐሳቡ ያው ነው፣ ቁጥሩ አይደለም። ከላይ ያሉትን ልኮች ኢሱዙ ላይ አትጠቀም። የኢሱዙው አክስል ጎማውን አይሸከምም፤ የአክስሉን ራስ ብሎኖች ፈትተህ ጎማው መሬት ላይ እንዳለ ትስበዋለህ፣ ይህ ሥራውን ያቀለዋል። ጭንቅላቱ ግን አንድ ሰው የሚያነሳው አይደለም፤ የካምቢዮ ክሪክና ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ከነጭነቱ ደግሞ አይነሳም፤ ጤፉን አራግፍ።

ጥያቄ (ከባቲ)፦ የትኛው ዘይት? ሰዎች የሞተር ዘይት ጨምር ይሉኛል፣ ሌሎች 140 ይላሉ። በክረምት ወንዝ እሻገራለሁ።

መልስ፦ ጂኤል-5 80ደብልዩ-90፣ እስከ መሙያው ቀዳዳ ጫፍ፣ መኪናው በሜዳ ቆሞ። የኋላው 2 ሊትር ገደማ ይወስዳል። የፒኞኑ ጥርስ በኮሮናው ላይ እየተንሸራተተ ስለሚሠራ ጂኤል-5 ውስጥ ያለውን ጫና ቻይ ቅመም ይፈልጋል፤ የሞተር ዘይት ይህ የለውምና ጥርሱን ይልጠዋል። 85ደብልዩ-140 ቆላ ላይ ከባድ ጭነት ለሚጎትት ይሆናል፤ ጩኸት ለመሸፈን ከሆነ ግን ኩሽኔታውን አያድነውም። የመጋዝ ብናኝ ጨምረው የሚሸጡም አሉ፤ ያገለገለ መኪና ስትገዛ የዘይቱን ብሎን ፍታና ጣትህን አስገባ።

ወንዙ ላይ ያለው ጉዳይ ትንፋሹ ነው። የአክስሉ ቤት አናት ላይ አንዲት ትንሽ የትንፋሽ ቆብ አለች። የጋለ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፣ ቆቧ ከተደፈነች ወይም ውሃ ውስጥ ከጠለቀች ውሃውን በፓራኦሊዮው ይስባል። ቆቧን ነቅለህ ቀጭን የጎማ ቱቦ አስገባና ጫፉን ወደ ጭነት ሳጥኑ ከፍ አድርገህ እሰር። ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ያን ቀን ቀይረው፤ በውሃ ያደረ ኩሽኔታ ይዝጋል፣ የዛገ ኩሽኔታ ዳግም ዝም አይልም። በነገራችን ላይ ፓራኦሊዮ ደጋግሞ የሚያፈስበት ሰውም መጀመሪያ ያችን ቆብ ይይ።

ጥያቄ (ከወልዲያ)፦ ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ሙሉ ጭንቅላት ማስመጣት አይቀልም?

መልስ፦ አንዳንዴ ይቀላል፣ በተለይ ጥርሱ ተሰብሮ ከሆነ። ነገር ግን ሬሾው (የኮሮናው ጥርስ ብዛት ለፒኞኑ ሲካፈል) መመሳሰል አለበት። ኮሮናው ላይ የጥርስ ቁጥሮቹ ተጽፈው ታገኛለህ፤ 41 ለ 10 ከሆነ 4.10 ነው፣ 43 ለ 10 ከሆነ 4.30፣ 41 ለ 9 ከሆነ 4.556። ባለ 4 ጎማ ጎታች መኪና ላይ የፊቱና የኋላው ሬሾ ከተለያየ 4 በ 4 ስታስገባ አስፋልት ላይ ካምቢዮውን ያንቀዋል። የኮሮናውና የፒኞኑ ጥንድ ቁጥር አንድ መሆኑንም አረጋግጥ፤ አብረው የተፈጩ ናቸውና ከሌላ ጋር ተጋብተው ዝም አይሉም። ሻጩ ፊት ፍላንጁን አዙረው፦ የሚቆረቁርና ቦታ ቦታ የሚይዝ ከሆነ ያንኑ በሽታህን በሌላ ሣጥን እየገዛህ ነው።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ገጠምኩት። አሁን እንዴት ልንዳው?

መልስ፦ ፍሬኑን አየር አስወጥተህ ጨርሰሃል ብዬ ነው። ለመጀመሪያው ጉዞ ወደ ሐይቅ ያለው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ልክ ነው፤ ያለ ጭነት፣ ከ60 ሳታልፍ። ሐይቅ ደርሰህ አቁምና ጭንቅላቱን በእጅህ ዳስስ። ሞቅ ማለቱ ደህና ነው፤ እጅህን ሁለት ሦስት ሰከንድ እንኳ ማሳረፍ ካልቻልክ ጥብቀቱ በዝቷል። እስኪቀዘቅዝ ጠብቀህ ተመለስ። ለ800 ኪሎ ሜትር ያህል ከባድ ጭነት አትጫን፤ 1,000 ላይ ዘይቱን ቀይር።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ሁሉንም ልክ ሠርቼ ድምፁ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። የት ተሳሳትኩ?

መልስ፦ ምናልባት የትም። ለዓመታት በላላ ኩሽኔታ የተነዳ ጥርስ በተሳሳተ ቦታው ላይ ራሱን በልቶ ይገጥማል፤ አሁን ወደ ትክክለኛው ልክ ስትመልሰው አዲሱ ቦታ ለእሱ እንግዳ ነው፣ ጥቂት ያፏጫል። ከመፍታትህ በፊት ያነሳኸውን ፎቶ አሁን ካለው ጋር አስተያይ። ምልክቱ ጥሩ ሆኖ ድምፁ ቀጭንና በአንድ ፍጥነት ላይ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ጥንካሬው ላይ ችግር የለም፤ ንዳው። 1,000 ላይ ዘይቱን ስትቀይር ማግኔቱን ጥረግና ቅቤ ይመስል የለሰለሰ ግራጫ ብቻ ካገኘህ እንደዚያው ይቀጥል። ቅርፊት ካገኘህ ግን ያኔ ኮሮና ፒኞን ግዛ።